በሌለ አገር የሚሟገቱ ሰዎች

አኮ ማኖዬ ጨካኝ ገዥ ነበረች ይባላል። በጉጂ፣ በአርሲና በቦረና ሲነገር የኖረው ተረት እንደሚለው ወንዶቹን እንደ ሎሌ ታዛቸው ነበር፤ ትእዛዟም ሰው የሚፈጽመው ዓይነት አልነበረም። አንድ ቀን በምድር ላይ ያልተተከለ፣ ከሰማይም ያልተንጠለጠለ፣ በመካከል የቆመ ቤት ሥሩልኝ አለች። ሌላ ቀን ደግሞ በሁለት ፊቱ ጠጉር ያለው ቁርበት አምጡልኝ አለች። ምክር የሚሰጡትን ሽማግሌዎች አስቀድማ አስፈጅታ ስለነበር አገሩ ጭንቅ ገባው። አንድ ልጅ ግን አባቱን ደብቆ አትርፎ ኖሯል፤ ሌሊት ሌሊት እየሄደ ይጠይቀዋል። አባትየው የቤቱን ነገር ሲሰማ «እኛስ ዝግጁ ነን፣ መሠረቱን ግን እመቤታችን ታስጀምረን በሏት» አለ። ለቁርበቱ የአህያ ጆሮ ቆርጠው እንዲወስዱላት መከረ። በመጨረሻ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አፉ በቁርበት ተሸፈነ፤ ገዥዪቱም በክብር እንድትቀመጥ ተጋበዘች። ከዚያ ወዲያ የወጣች የለችም።

ተራኪው እዚህ ሲደርስ ተረቱን ጨርሷል፤ አድማጩ ግን ገና መጀመሩ ነው። ልጁ አባቱን ሲደብቅ ምን ያበላው ነበር? ጆሮው የተቆረጠው አህያ የማን ነው፣ ባለቤቱስ ተካሰ ወይ? ይህን ያህል ብልህ የሆነች ሴት ከስሩ ባዶ የሆነ ቁርበት እንዴት አታውቅም? አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይተርባቸዋል። የዛሬው ንግግር ስለ ተረቱ ብቻ አይደለም፤ ከተረቱ በኋላ ስለሚመጣው ስለዚህ ሙግትና ተረብ ነው። በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በፋንታሲ መጻሕፍት ዙሪያ ተሰብስበው ሲከራከሩና ሲሳሳቁ ያመሻሉ። ይህን የዘመኑ ልጆች ሥራ መፍታት አድርጎ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን በቆላው ደቡብ ከመብራትም ከመንገድም በፊት የነበረ ነው።

ለምሳሌ ተልተሌ ከያቤሎ በስተምዕራብ የምትገኝ የቦረና ዞን ወረዳ ናት። በአንድ ወገን ኮንሶ፣ በሌላ ወገን ደቡብ ኦሞ ይጎራበቷታል። በእንዲህ ዓይነቷ የቆላ ከተማ ገበያ ቦረናው ከብቱን፣ ኮንሶው እህሉንና የእጅ ሥራውን ይዞ ይገናኛል፤ ከሰሜን በመምህርነት ወይም በመንግሥት ሥራ የመጣው አማርኛ ተናጋሪም በመካከላቸው አለ። ሁሉም የራሱን ጅብ፣ የራሱን ቀበሮና የራሱን ጥንቸል ይዞ ነው የመጣው። ደገኛው በተረቱ ጅቡን ሞኝና ሆዳም ሲያደርገው፣ ከብቱን በበረት አሳድሮ ድምፁን ሌሊት ሌሊት የሚሰማ አርብቶ አደር ይህን ሞኝነት በቀላሉ ላይቀበለው ይችላል። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በኢትዮጵያ በብዙው ቦታ ተረት የማታ ነው። ቀን የሥራ ነው፤ ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ይጠበቃል። ማታ እሳት ከተነደደና ወተት ከታለበ በኋላ ልጆች ይሰበሰባሉ። በቦረና ቤት እንግዳ ከመጣ ደግሞ ቡና ቀላ ሊኖር ይችላል፤ ቡናው ከነገለባው በቅቤ የሚጠበስበት ያ የክብር መስተንግዶ። ምሽቱ ብዙ ጊዜ የሚሟሟቀው በእንቆቅልሽ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሂቦ ይለዋል።

የእንቆቅልሽን ሕግ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ረስቶት ሊሆን ስለሚችል ማስታወሱ አይከፋም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። በር የሌለው ቤት ምንድን ነው? እንቁላል። ይህ ቀላሉ ነው። ያልመለሰ ሰው ግን ዝም ብሎ አይታለፍም፤ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው አንድ አገር ያስረክባል። ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፣ ጅማን ይሰጣል፤ አሸናፊው ትንሽ አገር ናት ብሎ እምቢ ሊልም መብት አለው። አገሩን ከተቀበለ በኋላ ወደዚያ ሄዶ የበላውንና የጠጣውን፣ የተደረገለትንም ክብር ያወራል። በዚያው አፉ ተሸናፊውን ቁልቁል ይለቀዋል፦ እሱ በፈረስ ሲሄድ ተሸናፊው ፍግ ሲጠርግ አየው፤ እሱ ጮማ ሲቆርጥ ተሸናፊው አጥንት ሲለቅም አገኘው። የተሰደበው ልጅ መቆጣት አይፈቀድለትም። ከተቆጣ ጨዋታ አያውቅም ተብሎ በሁለተኛ ዙር ይሰደባል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የተሻለ እንቆቅልሽ አምጥቶ አገሩን ማስመለስ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ዛሬ በየትኛውም የፋንታሲ አፍቃሪዎች ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ሁሉም ሰው ውሸት መሆኑን የሚያውቀው አገር አለ። በዚያ አገር ውስጥ ግን ሕግ አለ፣ ሕጉም ይከበራል። ስድቡ ደግሞ የወዳጅነት ማረጋገጫ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ማንም ፍግ አያስጠርግም።

አሁን ወደ ንግሥቶቹ እንመለስ፤ ጉዳዩ የበለጠ የሚጣፍጠው እዚያ ነውና። ከአኮ ማኖዬ ጋር እጅግ የምትመሳሰል ገዥ በሲዳማ አለች። ስሟ ፉራ ነው። እርስዋም ወንዶችን የማይቻል ነገር ታዛለች፤ እርስዋንም አንድ የተደበቀ ብልህ ሰው ምክር እየሰጠ ያሸንፋታል። መጨረሻዋ ግን ጉድጓድ አይደለም። ጋላቢ እንስሳ ስትጠይቅ ፈረስ አስመስለው ቀጭኔ ላይ ያስሯታል። ቀጭኔው በዱር በጫካው ሲጋልብ አካሏ በየቦታው ይበታተናል፤ ቦታዎቹም በወደቀው የአካል ክፍል ይሰየማሉ። ተራኪው እንግዲህ ምስክር አገኘ ማለት ነው፦ «ካላመንክ ሂድና ቦታውን እየው» ማለት ይችላል። በእንግሊዝ ልብ ወለድ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የሚታተመው የሌለ አገር ካርታ የሚሠራውን ሥራ፣ በሲዳማ እውነተኛው መሬት ራሱ ሠራው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የአድማጩ መከፋፈል ነው። የፉራን ስም ወንዶቹ ሲረግሙት ሴቶቹ ያከብሩታል። ለወንዱ ፉራ የግፍ ምሳሌ ናት፤ ለሴቷ ደግሞ ሴቶችን ወንድ እንዳይረግጣቸው ያስተማረች እናት ናት። ተረቱ አንድ ነው፣ ቃላቱም ብዙ አይለያዩም። አንዱ ወገን በቀጭኔው ሲስቅ ሌላው ወገን ያዝናል። የዛሬ የፋንታሲ አንባቢዎች «ክፉው ገጸ ባሕርይ በእርግጥ ክፉ ነበረን?» እያሉ የሚጨቃጨቁት ጭቅጭቅ በሲዳማ ቤቶች ውስጥ በባልና በሚስት መካከል ሲካሄድ የቆየ ነው። የአኮ ማኖዬንም ተረት አንዲት ሴት ስትተርከው መስማት ከቻለ፣ አድማጩ በየትኛው ቦታ ላይ ድምፅዋ እንደሚቀንስ ልብ ይበል። ይህ የተናጋሪው ግምት ነው፤ ግን ከባዶ የተነሣ ግምት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቦረና በተረት እንደልቡ የሚጫወት ሕዝብ ነው ሲባል፣ በታሪክም እንደልቡ ይጫወታል ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የቦረና ገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ይተላለፍበታል። የካቲት 2017 ዓ.ም. አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ በአሬሮ ባዳሳ ለጉዮ ቦሩ ሲያስረክቡ፣ ኩራ 71ኛው፣ ጉዮ 72ኛው መሆናቸው ተነገረ። ይህ ቁጥር ለብዙ ትውልድ በቃል ሲያዝ የኖረ ነው። ሥራው የአርጋ ዳጌቲ ነው፤ ያየውንና የሰማውን በቅደም ተከተል የያዘ የታሪክ አዋቂ። እንዲህ ያለ ሰው አንድን ነገር ሲናገር ከማን እንደሰማው፣ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን እንደሆነ፣ በዚያ ዘመን ድርቅ ነበር ወይስ ጥጋብ ይናገራል። በቦረና ጠቅላላ ጉባኤ፣ በጉሚ ጋዮ፣ ሕግ ሲደነገግ ይህ እውቀት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የአንትሮፖሎጂ ሊቁ አስመሮም ለገሠ ገዳን ለዓለም ያስተዋወቀ መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትሙ የተደገፉት በዚህ የቃል ትክክለኛነት ላይ ጭምር ነበር። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ስለዚህ አንድ አፍ ሁለት ሕግ አለው። ቀን በዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ስም ብትዛነፍ ያሳፍራል፤ ማታ በእሳት ዳር ግን አህያው ሁለት ጆሮ ይሁን ሦስት ተራኪው ያውቃል። ተረቡ የሚወለደው ሁለቱ ሕጎች ሲጋጩ ነው። አንድ ተንኮለኛ አድማጭ ተረቱን በታሪክ ሕግ መመርመር ይጀምራል፦ «አኮ ማኖዬ በማን ገዳ ነበረች? ከማን ሰማኸው? ያ ሰውስ ከማን ሰማ?» ተራኪው ተጨንቆ የሆነ ስም ከጠራ ሳቁ ይፈነዳል። የተናጋሪው ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ሰው በፈጠራ ዓለም ዙሪያ የሚሰበሰበው፣ ውሸቱን የታሪክ ያህል በጥንቃቄ መመርመር የሚሰጠው ደስታ ስላለ ነው። ጥንቃቄው ከሌለ ቀልዱም አይኖርም።

ይህን ጨዋታ በአውሮፓ ባደባባይ ከጀመሩት አንዱ የእንግሊዝ ቄስ ሮናልድ ኖክስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 በኦክስፎርድ ባቀረቡት ጽሑፍ የሼርሎክ ሆልምስን ታሪኮች የቅዱሳት መጻሕፍት ሊቃውንት በሚመረምሩበት ዘዴ መረመሯቸው፤ ቀኑ ከቀኑ፣ ቃሉ ከቃሉ እየተነጻጸረ። ዓላማቸው በሊቃውንቱ ዘዴ ላይ ማሾፍ ነበር። አንባቢው ግን ማሾፉን ወደ ሙያ ለወጠው። ዶክተር ዋትሰን በአፍጋኒስታን ጦርነት የቆሰለው ትከሻው ላይ ነው ወይስ እግሩ ላይ? ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል በአንዱ መጽሐፍ ትከሻ፣ በሌላው እግር ብሎ ጽፎ ረስቶታል። አንባቢዎቹ ግን አልረሱትም፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ኒው ዮርክ ላይ ማኅበር መሥርተው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሆልምስን በአማርኛ ትርጉም ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ ቢገባ ማንም አይከለክለውም።

በሳይንስና በምናብ ልብ ወለድ ዙሪያ ማኅበር የተጀመረበት መንገድ ደግሞ ቀላል ነው። ሁጎ ጌርንስባክ የተባለ አሜሪካ የገባ ስደተኛ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ መጽሔት አወጣ። የአንባቢዎችን ደብዳቤ ሲያትም ከስማቸው ጋር አድራሻቸውንም ጨምሮ አተመ። ውጤቱን አስቦት ነበር ማለት ያስቸግራል። አንባቢዎቹ መጽሔቱን ትተው እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ጀመሩ፤ ተገናኙ፤ ክበብ አቋቋሙ፤ በእጅ ማባዣ የሚያዘጋጁትን የራሳቸውን ጋዜጣ ማሠራጨት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው በኒው ዮርክ ሲከፈት የመጡት ሁለት መቶ ገደማ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያም ውስጥ ስድስቱ በሌላ ቡድን አባልነታቸው ምክንያት ከበር ተመለሱ። የጉባኤው ስም ዓለም አቀፍ፣ ጠቡ የሰፈር። ሁለት ሰዎች ደግሞ የወደፊቱን ዘመን ልብስ ለብሰው መጡ፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታየው የገጸ ባሕርይ ልብስ መልበስ ከነሱ ይቆጠራል።

የፋንታሲ አባት የሚባለው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ራሱ እንደ ተልተሌ ልጆች ነው ያደገው ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ግን መጽሐፉን የጻፈው ለሚተርቡት ወዳጆች እያነበበ ነው። ኢንክሊንግስ ይባሉ የነበሩት የኦክስፎርድ መምህራንና ጓደኞቻቸው ሐሙስ ማታ ከመካከላቸው በአንዱ በሲ. ኤስ. ሉዊስ ክፍል፣ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ በአንድ መጠጥ ቤት ይገናኙ ነበር። ቶልኪን «የቀለበቶቹን ጌታ» ምዕራፍ በምዕራፍ አነበበላቸው። ሁጎ ዳይሰን የተባለው ባልደረባቸው ግን ኤልፍ የተባሉትን የመጽሐፉን ፍጡራን ነገር መስማት አስጠልቶት በግልጽ ያማርር ነበር። ሌሎቹም ተቆጥተው አላባረሩትም፤ እሱ ባለበት ቀን ቶልኪን እንዳያነብ ተስማሙ። የእንቆቅልሹ ምሽት ሕግ በኦክስፎርድም ሠራ፦ ያልወደደ ሰው ይተርባል፣ ተራኪው ይታገሣል፣ ጨዋታው ግን አይፈርስም።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ታትሞ ወጣ። ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ያለ ደራሲው ፈቃድ በርካሽ ሲያሳትመው ቶልኪን ለአንባቢዎቹ በሚጽፈው መልስ ሁሉ ነገሩን ይነግራቸው ጀመር። አንባቢዎቹ ተቃወሙ፤ አሳታሚውም በመጨረሻ የደራሲውን ድርሻ ለመክፈል ተገደደ። የተረት አፍቃሪ ማኅበር ሥራ የለውም የሚል ሰው ካለ ይህችን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የራሱ ክርክር አለው። የመጽሐፉ ትልቅ መንግሥት ጎንዶር ይባላል፤ የድንጋይ ግንብ ከተማ ያለው፣ ክብሩ ያለፈበት ጥንታዊ መንግሥት። ጎንደርን ያየ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1971 ለራሱ ለቶልኪን በደብዳቤ ቀርቦለት ነበር፤ እሱም ስሙን በፈጠረው ቋንቋ ድንጋይ ከሚለው ቃል እንደወሰደው አስረዳ። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 በጥንታዊ እንግሊዝኛ ኢትዮጵያውያን ስለተጠሩበት ስም ረጅም ጥናት ያሳተመ የቋንቋ ሊቅ ነው፤ ኢትዮጵያ ከሐሳቡ የራቀች አልነበረችም። ተናጋሪው ለቶልኪን ማብራሪያ ያደላል። የጎንደር ሰው ግን እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አገሩን ያስረክባል ተብሎ አይጠበቅም።

ከሁሉ የታወቀው የቶልኪን አንባቢዎች ጠብ ግን ባልሮግ የተባለው የእሳት ጭራቅ ክንፍ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ደራሲው በአንድ ቦታ ጥላውን በክንፍ መስሎ ጻፈ፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ክንፍ ብሎ በቀጥታ ጠራው። በዚህች ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ስንት ሰው ስንት ሌሊት እንዳሳለፈ ይገርማል። ክንፍ አለው የሚለው ወገን «ታዲያ ገደል ሲገባ ለምን አልበረረም?» ተብሎ ይተረባል፤ እሱም «ዶሮስ ክንፍ የላትም?» ብሎ ይመልሳል። ይህ ንግግር የአህያውን ባለቤት ከሚፈልገው አድማጭ ንግግር በምን ይለያል?

በኢትዮጵያ ተረት ወደ ወረቀት የመጣበት ታሪክ የራሱ ጀግኖች አሉት። የመጀመሪያዋ አስቴር ጋኖ ናት። በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣልያ መርከብ ነፃ አወጣትና በምጽዋ አጠገብ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጀች። ከዚያ በፊት አምስት መቶ ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትውስታዋ አሰባስባ ነበር፤ ብዙው በመጽሐፉ ገባ። መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ የቤቷን ምሽት በራሷ ውስጥ ይዛ ባሕር ተሻገረች ማለት ነው፤ ይህን የመሰለ ሥራ ለመሥራት ማንም ምሁር ቢነሣ ገንዘብና ዓመታት ያስፈልጉት ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት»ን በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን። ይህ ሁለተኛው ተረት አይደለም፤ ነገር ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው አገሩን ወደ አንድ እሳት ዳር ሰበሰበው። በዛብህ ምን ማድረግ ነበረበት፣ ፊታውራሪ መሸሻስ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም እየተባለ በየቤቱ፣ በየጠጅ ቤቱ ተከራከሩበት። በቴሌቪዥን ደግሞ አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተስፋዬ ሣህሉ የባሌ ተወላጅ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ገብተው ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ተርከዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። የሚወቀሱበት አንዳች ነገር የለም፤ መሣሪያው ግን ጎደሎ ነበር። በስቱዲዮ የተቀመጡት ልጆች ይመልሱላቸዋል፤ ነገሌ ወይም ሞያሌ ሆኖ የሚያየው ልጅ ግን «አባባ፣ ያ ጅብ ባለፈው ሞቶ አልነበረም?» ብሎ ሊያቋርጣቸው አይችልም።

የሚያቋርጡት አንባቢዎች በኋላ መጡ። ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሲያሳትም፣ የጣና ገዳማት፣ የውጭ ሰላዮችና በባዕድ አገር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአንድ መጽሐፍ ተገናኙ። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ፤ ተከታዮቹም ወጡ። ሐያሲው በቋንቋውና በአወቃቀሩ ላይ ብዙ ሊል ይችላል፤ የአንባቢው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ «ይህ በእርግጥ ሊሆን ይችላል ወይ? ከሐይቁ ሥር ምን አለ?» አውቶቡስ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ውስጥ በሌለ ቤተ ሙከራ ላይ ሙግት ተካሄደ። ከዚያ ቀጥሎ በእ.ኤ.አ. 2018 በስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን አወጣ፤ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ወጣት ልዩ ኃይል የሚያገኝበት የሥዕል መጽሐፍ። በዓመቱ «ሀዊ» የተባለች ሴት ጀግና ተከተለች። ልዩ ኃይል ያገኘ ወጣት በመጀመሪያ ሥራ ማግኘት አለመቻሉ አንባቢውን ያሳቀው ያህል ያሳዘነውም ይመስላል።

በቆላው ግን ምሽቱ ራሱ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ፣ ጋና የሚባለው ረጅሙ ዝናብም ሃጋያ የሚባለው አጭሩም፣ ቀሩ። በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ሰዎች በዱብሉቅና በሌሎች ቦታዎች በመጠለያ ሰፈሩ። ከብት ሲያልቅ ፎራም ያልቃል። ፎራ ወጣቶቹ የማይታለቡትን ከብቶች ይዘው ከመንደር ርቀው የሚከርሙበት ነው፤ ቀኑ ጥበቃ፣ ሌሊቱ ወሬ። አዋቂ ሳይኖር ወጣት ለወጣት የሚተርክበት፣ ስድቡ ያለ ገደብ የሚሄድበት ያ ነበር። በመጠለያ ድንኳን ውስጥ ተረት አይነገርም ማለት አይደለም፤ ጎረቤት ግን ሌላ ነው፣ ሌሊቱም ሌላ ነው፣ ጅቡም እንደበፊቱ አይመጣም።

ተረት የሚሰበስቡ ሰዎች ሁልጊዜ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤልዛቤት ሌይርድ የተባለች የብሪታንያ ደራሲ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆና በኢትዮጵያ ክልሎች እየዞረች ብዙ ተረት አስቀድታለች። ከአስቴር ጀምሮ እስከ እርስዋ ድረስ ሥራቸው ትልቅ ነው። በመጽሐፍ የሚገኘው ግን ተረቱ ብቻ ነው፤ ያቋረጠው ልጅ፣ የተሳሳተችውን ስም ያረመችው አሮጊት፣ ከኋላ ሆኖ የተረበው ጎረምሳ የሉም። አንባቢው ንጹሕ ተረት ያገኛል፣ ማኅበሩን ግን አያገኝም። የሆልምስ አንባቢዎችና የቶልኪን አንባቢዎች ግን ጠባቸውን ራሱን ጽፈው ስላስቀመጡ በዋትሰን ትከሻ ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላም ማን ምን እንዳለ ይታወቃል።

ዛሬ በተልተሌ፣ በያቤሎና በነገሌ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በብዙ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ። የትምህርት ቤት ክበብ ወይም አንድ መምህር ይህን ሥራ ቢጀምር ብዙ ወጪ የለውም። ሽማግሌው ወይም ባልቴቷ ሲተርኩ ፈቃድ ተጠይቆ ይቀዳል፤ ተረቱ ሲያልቅ ግን ስልኩ አይጠፋም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክፍት ይቆይ። ቀጥሎ ማን ምን ጠየቀ፣ ማን ምን መለሰ፣ በየትኛው ቋንቋ ተረበ፣ ሴቶቹ የት ላይ ሳቁ፣ ወንዶቹስ የት ላይ ዝም አሉ ተብሎ ከቅጂው ጎን ይጻፋል። አኮ ማኖዬን በኦሮምኛ የተረከው ሰውና በአማርኛ የደገመው ልጁ የተለያየ መጨረሻ ካመጡ ሁለቱም ይቀመጡ፤ የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ደግሞ ለሚቀጥለው ምሽት ይተዉት።